ክቡር ነቅሎ ተካይና እምቢ የማታውቀው አክስቴ

ነቅሎ ተካይ የሌለበት ቤተሰብ በዚህች ምድር ላይ የለም። "እኛ ቤት የለም" የሚል ሰው ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ነቅሎ ተካዩ እሱ ራሱ ነው።

ታውቁታላችሁ። በር ላይ ቆሞ ጉንጫችሁን እየሳመ፣ ዓይኑ ከትከሻችሁ በላይ አሻግሮ ኮምፒውተራችሁን ይፈልጋል። "ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና?" ይላል፤ መልሱን ግን አይሰማም። ጆሮው ያለው ማሽኑ ውስጥ ከሚሽከረከረው ማራገቢያ ጋር ነው። "ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያቃስተው?" ካለ በቃ፣ አለቀላችሁ። ሌላው ሰው የሚወዳትን ልጅ ፎቶ በሚያንጠለጥልበት ደረት ላይ፣ እሱ በጥቁር ገመድ ያሰራት ፍላሽ አለችው። ፍላሿ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሲስተም አለ፤ የእናንተን ከነሥሩ ነቅሎ በቦታው የሚተክለው።

የእኛ ቤተሰብ ነቅሎ ተካይ የእህቴ ባል ነው። ሙያው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። በአንድ ጥርስ ክሊኒክ የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ከሰም ድድ እየቀረጸ ፈገግታቸው ለረገፈባቸው ሰዎች ፈገግታ ይሠራል። ነቅሎ ተካይ ብላ ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። "ክቡር" የምትለዋን የጨመርኩባት እኔ ነኝ፤ ከአክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ከፍርሃት ነው። ሰው የሚፈራውን ነገር በባዶው አይጠራም።

ክቡርነቱ ሁለት አባባሎች አሉት። የመጀመሪያው "ከሥሩ ነው!" ነው። ማሽኑ ዘገየ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ኪቦርዱ ላይ ሻይ ፈሰሰበት፣ ሁሉም ከሥሩ ነው። ሁለተኛው "ምንም አይነካም!" ነው። በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል ስንት ማሽን እንደወደቀ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ፀጉር አስተካካያችን ይመስክር። ክቡርነቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የራሱ ግማሽ ገና እንደተከረከመ፣ ዘፈን የሚያጫውተው ኮምፒውተር መሃል ላይ ተንተባተበ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘፈኑ እስኪመለስ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተነሣ። "ከሥሩ ነው!" ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አየር ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሲመሽ ማሽኑ አዲስ ሲስተም ነበረው፤ ዘፈኖቹ የት እንደገቡ ግን እስከ ዛሬ ወሬ የለም። ክቡርነቱ በግማሽ ራስ ቤቱ ሲደርስ እህቴ በሩን ከፈተች፣ አየችው፣ መልሳ ዘጋችው።

መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅም ትመስክር። አንድ ቀን የሳል ከረሜላ ሊገዛ ገብቶ፣ ሲወጣ ሲስተሟን ቀይሮላት ነበር። አሁን ከመንገዱ ማዶ ስታየው ስክሪኑን ቶሎ አጥፍታ "ዛሬ መብራት የለም!" ትለዋለች። በላይዋ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ እየበራ።

እኔም ቀምሻለሁ። አንድ እሁድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ላፕቶፔ ጭኑ ላይ ነው።

"ምንም አልነካሁም" አለኝ።

ሁሉ ነገር ተነክቷል። ገጹ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ፊደሉ እንኳ የማላውቀው እንግዳ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

"ግጥሞቼስ?" አልኩ።

"አሉ አሉ። 'ልዩ ልዩ' ውስጥ ከትቼልሃለሁ።"

ልዩ ልዩ! እንባዬን እየጠረግሁ የጻፍኳቸው የመለያየት ስንኞች፣ ዜማ ፍለጋ በየመንገዱ እያንጎራጎርኩ ያሳደግኳቸው፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ጋር ልዩ ልዩ ውስጥ! ክው አልኩ። ያን ቀን ለራሴ ያዜምኩትን አልረሳውም፤

ሥሬን አትነካኩት ቅጠሌ ቢጠወልግ፤
ጠብታ ውሃ ናት ነፍሴ እምትፈልግ።

ከዚያ ወዲህ እሱ በሬን ሲያንኳኳ ላፕቶፔ ፍራሽ ሥር ነው የሚገባው። ገብቶ ግራ ቀኝ ሲያይ፣ "ምነው ዛሬ ማሽንህ?" ሲለኝ፣ "አበድሬዋለሁ" እያልኩ ኖርኩ።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ፤ የደነገጥኩት እዚያ ነውና።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አራሚ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች የጻፉትን ከመታተሙ በፊት እያነበበች፣ የጎደለውን ስትሞላ የተጣመመውን ስታቀና የኖረች። ጡረታ ከወጣችም በኋላ አሳታሚው እቤቷ ድረስ ሥራ ይልክላታል። ዓይኗ ግን ከድቷታል። ወረቀት ላይ ያለ ፊደል አሁን ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው። የምታነበው መስኮት በሚያህለው አሮጌ ስክሪኗ ላይ፣ ማጉያ በሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቃል የበር ያህል አሳድጋ ነው። ያ ማሽን የእሷ ዓይን ነው ብል ቅኔ እየተቀኘሁ አይደለም።

አክስቴ አንድ ጉድለት አላት፤ እምቢ ማለት አታውቅም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ያደገችበት ደንብ ነው። አራሚ የደራሲን ቃል ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ለማንሳት እንኳ ዳር ላይ "ይፈቀዳል?" ብላ ትጽፋለች። በዚህ ልማድ ላይ የራሷን ሕግ ጨመረችበት፤ ሳይጠይቅ የሚነካ ባለጌ ነው፣ ጠይቆ የሚነካ ግን አይከለከልም። ስለዚህ በጨዋ ደንብ የጠየቃት ሁሉ "እሺ" ይባላል። ጎረቤቷ "ፍሪጄን ለጊዜው ኮሪደርሽ ላይ ላቁመው?" ብላት እሺ አለች። ጎረቤቲቱ ቤት ቀይራ ሄደች፤ ፍሪጁ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ወደ ሳሎን የሚገባ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ በጎኑ ነበር የሚያልፈው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠራችኝ። ማሽኗ አርጅቶ ማጉያው በየቃሉ እየደረቀ ነው። አንድ ቃል ያሳድግና ይቆማል፤ የሚቀጥለው ቃል እስኪመጣ አክስቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች።

"አሳታሚዎቹ ደወሉ" አለችኝ። "ሰኞ ጠዋት ካልደረሰ ለሌላ አራሚ እንስጠው ወይ? ከዚያም በኋላ በሥራ አናስቸግርዎት፣ ይረፉ አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻቸው?"

"ጠየቁኝ እኮ። እሺ አልኳቸው።"

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ። ተነሥቼ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ሰኞ ጠዋት መጽሐፉ ካልደረሰ አክስቴ ከእንግዲህ አራሚ አይደለችም ማለት ነው፤ በራሷ አንደበት፣ በአንዲት እሺ። ፊቷን አየሁት። የሚያርፍ ሰው ፊት አልነበረም። በራቸውን ዘግተው ቁልፉን ለሰው እንደሰጡ ሰዎች፣ እጇ ባዶነቱን ገና ያልለመደ ዓይነት ፊት ነበር።

ያቅሜን ሞከርኩ። ትልቁን ስክሪን ከላፕቶፔ ጋር ላገናኘው ብል ገመዱ የሌላ ዘመን ሆኖ አልገጥም አለ። እርማቷን ወደ እኔ ማሽን ልገልብጠው ብል ኮምፒውተሯ መገልበጥ ሳይጀምር ደረቀ፤ አጥፍቼ አበራሁት፣ እንደገና ደረቀ። የመጽሐፉ እርማት ሁሉ፣ ይፈቀዳል ያለችው ሁሉ፣ እዚያች አሮጌ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

"ወንድምዬ፣ የአክስቴን ማሽን ነገር አምልጦኝ ነገርኩት።"

"ለማን?"

"ለማን ይሆናል? ከክሊኒክ በቀጥታ ወደ እናንተ ሄዷል። እጁን ያዙት!"

በሩ ተንኳኳ። እንደ ልማዴ ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ፍራሽ ስሮጥ የሰው ቤት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ክቡር ነቅሎ ተካይ ፍሪጁን በጎኑ አልፎ ገባ። "እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ አክስቴን ሳማት፤ ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ ተሻገረ። "አሃ! ከሥሩ ነው!"

"ገና አላየኸውም እኮ" አልኩት።

"ምን ማየት ያስፈልጋል? ይሰማል።"

"ስማኝ፣ ክቡርነትህ። የአክስቴ ሥራ በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። ቅጂ የለውም። ሰኞ ጠዋት ካልደረሰ ሥራዋ አበቃ።"

"ምንም አይነካም!"

አጥንቴ ድረስ በረደኝ።

የራሱን ላፕቶፕ ዘረጋና ፍላሿን ከአንገቱ ሳያወልቅ፣ ጎንበስ ብሎ ሰካት። ሰውየውና ማሽኑ በአንድ ጥቁር ገመድ ተያይዘው ቀሩ። ለአሮጌ ማሽን የሚስማማ ቀለል ያለ ሲስተም አውርዶ ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ከሷ ተነሥቶ የሚሠራባት ፍላሽ ሊያደርጋት ነው።

"ፋይሉን ዝም ብለህ ገልብጠህባት አትገላገልም?" አልኩት፣ ቶሎ እንዲሄድልኝ።

ቀና ብሎ በሐዘን አየኝ። "ዘፈንን ወረቀት ላይ መጻፍና መዝፈን አንድ ነው? ከገለበጥኩት ወረቀት ነው፤ ተቀምጦ ይቀራል። ማሽኑ ሲነቃ ሰምቶት እንዲነሣ ፍላሿ ራሷ መዝፈን አለባት። ሌላ አጻጻፍ አለው።"

ግጥሞቼን ልዩ ልዩ ውስጥ ከከተተ ሰው አፍ ነው ይሄ የወጣው!

ፍላሿ ተጽፋ ስታልቅ ከአንገቱ አወለቃት፤ የአክስቴ ማሽን ላይ ሰካት። ከዚያ ተነሥቶ እጅጌውን ጠቀለለ። "እጄን ልታጠብ።" ይሄ የሙያው ልማድ ነው፤ ወደ ክሊኒክ ክፍሉም ሆነ ወደ ሰው ኮምፒውተር እስከ ክርኑ ሳይታጠብ አይገባም። "አንተ ማከፋፈያ ገመዱን አምጣ፤ መሃል ላይ መብራት እንዳይነቀልብን።"

ገመዱን ከፍሪጁ ጀርባ ጎትቼ ስመለስ፣ እሱም ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ውሃው በክርኑ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። አክስቴ ስክሪኗ ፊት ጸጥ ብላ ተቀምጣለች። ማሽኑን አጠፋው፤ አበራው፤ ከፍላሿ እንዲነሣ የሚያዘውን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጠበቅን። እያቃሰተ፣ እየተንፏቀቀ፣ የድሮው ሲስተም መጣ።

"አይቻልም!" ፍላሿን ነቅሎ በራሱ ላፕቶፕ አያት። ዓይኑ ፈጠጠ። "ባዶ ናት!"

"ምን ማለትህ ነው ባዶ?"

"ባዶ! ዛሬ የተገዛች ይመስል!"

"አይዞህ የኔ ልጅ፣ ያጋጥማል" አለችው አክስቴ፣ ከልቧ አዝና።

እንደገና ጻፈባት። እንደገና ሰካት። እንደገና ሊታጠብ ሄደ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ማዶ ሰገነት ላይ የተሰጣ የሴት ቀሚስ ነፋሱ ውስጥ ብቻውን ይጨፍራል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እኔ ሰው አይደለሁም፣ ስንኝ ፍለጋ ጠፋሁ። ስመለስ ክቡርነቱ ቁልፉን እየደበደበ ነው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የድሮው ሲስተም መጣ። ፍላሿ ባዶ።

አሁን የሆነውን ግን እዚያ ባልነበር ኖሮ አላምንም። ክቡር ነቅሎ ተካይ ሄዶ ኮሪደሩ ላይ፣ ፍሪጁን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ምናልባት እኔ ነኝ" አለ።

እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ደነገጥኩ፤ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

"ምኑ ነው አንተ?" አለችው አክስቴ።

"እጄ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴትዮ የሠራሁላትን ጥርስ መለሰችልኝ፣ እትዬ። ልክክ ብሎ ነው የገባላት። አይቆረቁራት፣ አይወልቅባት። መስታወት ውስጥ አየችና 'ቆንጆ ነው፤ የኔ ሳቅ ግን አይደለም' አለችኝ።" አንገቱ ላይ ፍላሿ የምትንጠለጠልበትን ቦታ ዳበሰ፤ አልነበረችም። "የድሮ ሳቅሽ ምን ይመስል ነበር ብዬ አልጠየቅኳትም። እኔ እኮ ሰው አልጠይቅም።"

አክስቴ ትኩር ብላ አየችው። ቃል ስታርም የምታየው አስተያየት ነው፤ ፊደሉ ትክክል ሆኖ የሆነ ነገር ሲጎድለው።

"ተነሥ" አለችው። "አንዴ ደግሞ ሞክር። ሰኞ እስኪመጣ ጊዜ አለን።"

ተነሣ። ጻፈ። ሰካት። ሊታጠብ ሄደ። በዚህኛው ላይ ግን መስኮትም ቀሚስም አላይም ብዬ ከአክስቴ ጀርባ ቆምኩ።

ውሃው እዚያ ይንሻሻል። ስክሪኑ ላይ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ። አክስቴ ማጉያውን ጎተተችበት፤ ቃላቱ አንድ በአንድ የበር ያህል ሆኑ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

"'ይህን ዲስክ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት መደረግ ይኖርበታል። ፎርማት ላድርገው?'" ራሷን ነቀነቀች። "ቢያንስ ሲጠይቅ ጨዋ ነው።" ጣቷም በቀስታ "እሺ" ወደሚለው ሄደ።

"አክስቴ!!"

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ክቡርነቱ ሳሙናው እስከ ክርኑ አረፋ እንደሆነ እየሮጠ መጣ፤ ከፍሪጁ ጋር ተላትሞ ገባ።

"ምን ሆናችሁ?"

"እሺ ልትለው ነበር! ልደምስሳት ወይ ሲላት እሺ ልትለው!"

"ጠየቀኝ እኮ" አለች አክስቴ፣ ግራ ተጋብታ። "ቅድምም ጠይቆኛል። ከዚያ በፊትም። ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብዬዋለሁ።"

የሳሙና አረፋ ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማል። ክቡርነቱ ስክሪኑን አየ፤ አክስቴን አየ፤ የራሱን እጅ አየ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ አረፋውን ፊቱ ላይ እየቀባ ሳቀ።

"እኔ አይደለሁማ! እጄ አይደለማ!"

"እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁባችሁ?" አክስቴ ተሸማቀቀች።

"እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ። ይሄ የድሮው ሲስተም ነው። የሌላውን አጻጻፍ ማንበብ አይችልም፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ልደምስሰው ይላል። ያልገባውን ሁሉ!"

ይሄን ብሎ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። የልዩ ልዩ ነገር በመካከላችን ቆሞ ነበር፤ ሁለታችንም ግን አልነካነውም።

እጁን አደራርቆ ሳጥኑን ዘጋ፤ ፍላሿን ሳይነቅል ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ስክሪኑ ጨለመ። ከጨለማው ውስጥ ንጹሕ ሰማያዊ ብርሃን እንደ ንጋት ፈሰሰ። ማራገቢያው ማቃሰቱን ተወ። አሮጌዋ ማሽን በሰው ሲስተም፣ በሰው ትራስ ላይ ነቃች፤ ልቤ ሳላዘው አዜመ፤

ተኝተሽ ብትነቂ በሰው ቤት ትራስ ላይ፣
የኔን ስም አትርሺ ጎሁ ሲቀድ ስታይ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ምርጫ ወጣ። አንደኛው፣ ምንም ሳልተክል ከፍላሿ ላይ ልሥራ ይላል። ሁለተኛው፣ ዲስኩ ላይ ያለውን በሙሉ አጥፍቼ ልተከል ይላል። ያለውን በሙሉ! የአክስቴ እርማት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቀሪ ዕድሜዋ፣ ያ ዲስክ ላይ ነው። የክቡርነቱ ጣት ደግሞ ለዘመናት በለመደው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሁለተኛው ተነሣ። ልያዘው እጄን ዘረጋሁ፤ አልደርስም።

ጣቱ አየር ላይ ቆመ።

ዞር አለ። "እትዬ" አለ፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ቀጠነ። "ልንቀለው?"

ጠየቀ! ክቡር ነቅሎ ተካይ ሰው ጠየቀ! ደስታው ግን ገና ሳይደርሰኝ ሽብሩ ቀደመኝ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ማንንም ሳይጠይቅ ኖሮ፣ ዛሬ ቢጠይቅ ቢጠይቅ፣ እምቢ ማለት የማታውቀዋን ሴት ጠየቀ! በጨዋ ደንብ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ "እትዬ" ብሎ። እንዲህ ተጠይቃ እሺ ያላለችበትን ቀን አላስታውስም። "አክስቴ፣ አትመልሺ!" ልል አፌን ስከፍት እሷ ወደ ስክሪኑ ዞራለች።

አክስቴ ስክሪኑን አየች። አሳደገችው። "በሙሉ" የሚለው ቃል የግድግዳ ያህል ሆኖ ፊቷ ቆመ።

"እ…" አለች። ተነፈሰች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እምቢ።"

የዛገ በር ሲከፈት እንደሚሰማው ነው የወጣችው። ሦስታችንም ደነገጥን። ከሁላችንም ይልቅ የደነገጠችው ራሷ አክስቴ ናት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ምን ነካኝ…"

"የለም የለም፣ እትዬ! እምቢ ካሉ እምቢ ነው።" ነቅሎ ተካይ ጣቱን ቶሎ መልሶ የመጀመሪያውን ምርጫ ተጫነ። ፊቱን አየሁት፤ የተከለከለ ሰው ፊት አይመስልም። ትልቅ ሸክም የወረደለት ይመስላል። "ከፍላሿ ላይ ይሠራል። ዲስክዎን ለንባብና ለእርማት ብቻ ይከፍተዋል። ከዚያ ውጪ ምንም አይነካም።"

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር።

አክስቴ መጽሐፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ቃል አደገ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ሦስተኛው። አልደረቀም። ከወገቧ ቀና አለች፤ ትከሻዋ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጣቷ ዳር ላይ "ይፈቀዳል?" ብላ ጻፈች። እኛን ረሳችን። ከዚህ የሚያምር መረሳት አላየሁም።

"ፍላሿ ከተነቀለች ግን ዝም ይላል" አለኝ ክቡርነቱ በሹክሹክታ። "እስክትጨርስ እዚሁ ትኑር።" ጥቁሩን ገመድ በማሽኑ ጎን አስተካክሎ አንጠለጠለው፤ እንዳይወጠር፣ እንዳይጠላለፍ። እየደጋገመ ዞር ብሎ እያያት፣ ፍሪጁን በጎኑ አልፎ ወጣ።

መጽሐፉ ሰኞ ጠዋት ደረሰ። አሳታሚዎቹ ደውለው "ሌላ ልንልክልዎ ይፈቀዳል?" ሲሏት እሺ አለች፤ ቀጥለው "ከነገ ወዲያ ይደርሳል?" ሲሏት ደግሞ እምቢ አለች። ያን ሳምንት አክስቴ ደውላላት ጎረቤቲቱ ሰው ይዛ መጥታ ፍሪጇን ወሰደች። እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ኮሪደር ስደርስ ሆዴን ስቤ በጎኔ ነው የማልፈው። ጥርሱን ለመለሰችለት ሴትዮ ደግሞ ክቡርነቱ የድሮ ፎቶዋን አስመጥቶ፣ ፊት ለፊት ትንሽ ተለያይተው የቆሙ ሁለት ጥርሶች ሠራላት አሉ። የሳቋ ድምፅ እንግዳ መቀበያው ድረስ ተሰማ አለችኝ እህቴ።

ፍላሿ ከአክስቴ ማሽን አልተመለሰችም። እሱም አልጠየቀም።

ትናንት በሬ ተንኳኳ። አካሄዱን አውቀዋለሁ። ላፕቶፔ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ ወደ ፍራሹ አየሁ፤ ከተቀመጥኩበት ግን አልተነሣሁም።

ገባ። ሳመኝ። ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ ተሻገረ፤ ላፕቶፑ ላይ አረፈ። ወዲያው እንደ ጥፋተኛ ወደ ወለሉ መለሰው። እጁ ደረቱን ዳበሰ፤ የለችም። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ስለ አየሩ አወራ! ክቡር ነቅሎ ተካይ እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ አየር! በመጨረሻ እንደ ምንም ብሎ አንሾካሾከ።

"ማሽንህ ግን… ደህና ነው?"

ደህና ነበር። እንደ ወንዝ ነበር የሚፈሰው፤ ከገዛሁት ጀምሮ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

"እባክህ ተወኝ" አልኩት። "እየዘገየ አስቸግሮኛል።"

ቀና አለ። "እ… ልንካው?"

"እሺ።"

ከመሳቢያው ውስጥ አዲስ ፍላሽ አውጥቼ ሰጠሁት። ጥቁር ገመድ አስሬባት ነበር። ተቀብሎ ገለባብጦ አያት፤ አንገቱ ላይ አጠለቃት። ፊቱ ላይ የወጣውን ፈገግታ የትኛውም ክሊኒክ አይሠራውም።

"ከሥሩ ነው!" አለ።

ተነሥቶ እጅጌውን ጠቀለለና ሊታጠብ ገባ። የውሃው ድምፅ ሲሰማኝ ወደ ላፕቶፔ ጎንበስ አልኩ፤ እሱ እስከ ክርኑ ታጥቦ እስኪመለስ ግጥሞቼን አንድ በአንድ ሰብስቤ፣ በገዛ እጄ፣ ልዩ ልዩ ውስጥ ከተትኳቸው።